የዓይን ሥር ጥቁረትና የሴረሙ ፈተና

«ዓይንሽ ሥር ጠቁሯል፤ አልተኛሽም እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ ከዘመድ ወይም ከሥራ ባልደረባ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ጠያቂው በቅንነት ነው የሚጠይቀው። ተጠያቂዋ ግን እስኪበቃት ተኝታ ያደረች ልትሆን ትችላለች። ያን ዕለት ማታ ስልኳ ላይ የዓይን ሥር ሴረም ትፈልጋለች፤ ቲክቶክም አይሰስትም። በማግስቱ ኮስሞቲክስ ቤት ስትገባ 15 ወይም 30 ሚሊ ሊትር ብቻ የምትይዝ ትንሽ ጠርሙስ ያሳዩዋታል፤ «ከዱባይ የመጣ ነው፣ ኦሪጅናል» ከሚል ማረጋገጫ ጋር። ዋጋውን ሰምታ ትደነግጣለች፤ ከዚያም ትገዛለች።

ሴረሙ ይሠራል? መልሱ የሚወሰነው ጥቁረቱ ከምን እንደመጣ ነው። የዓይን ሥር ጥቁረት አንድ መንስኤ ያለው ነገር አይደለም፤ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ቦታ ላይ ተመሳሳይ መልክ ይዘው ይታያሉ። አንዱ ደም ነው፣ ሌላው ቀለም፣ ሦስተኛው ጥላ። ጠርሙሱ ላይ ግን ይህ ልዩነት አይጻፍም፤ ለሁሉም አንድ መድኃኒት ይሸጣል።

ከደም እንጀምር። የዓይን ሽፋን ቆዳ በሰውነታችን ላይ ካለው ቆዳ ሁሉ ስስ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጉንጭ ላይ እንዳለው ዓይነት የስብ ንጣፍም ከሥሩ የለውም ማለት ይቻላል፤ ዓይንን በሚከድነው ክብ ጡንቻ ላይ በቀጥታ ተነጥፏል። ስለዚህ የጡንቻው ቅላትና ደቃቅ የደም ሥሮች በቆዳው አልፈው ይታያሉ። ደም ቀይ ሆኖ ሳለ እዚያ ቦታ ላይ ለምን ወደ ወይን ጠጅና ወደ ሰማያዊ ያደላል? የብርሃን ጉዳይ ነው። ቀይ ብርሃን ወደ ቆዳ ጠልቆ ይገባና የደም ሥሩ ዘንድ ሲደርስ ከፊሉ በደሙ ተውጦ ይቀራል። ሰማያዊው ጠልቆ ሳይገባ ተበትኖ ይመለሳል። ከደም ሥሩ በላይ ካለው ቆዳ ወደ ተመልካች የሚመለሰው ብርሃን ከአካባቢው ጋር ሲነጻጸር ቀዩ ይጎድለዋል፤ እኛም ሰማያዊ አየን እንላለን። ይህን ኪንሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ለክተው አሳይተዋል።

እንቅልፍ ማጣትም ፊት ላይ እንደሚነበብ የስዊድን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ጥናታቸው 10 ሰዎችን አንድ ጊዜ በቂ እንቅልፍ ተኝተው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 31 ሰዓት ነቅተው ከቆዩ በኋላ ፎቶ አነሷቸው። ሥዕሎቹን የተመለከቱ 40 ሰዎች ያልተኙትን ፊቶች ዓይናቸው የቀላ፣ ሽፋናቸው የከበደ፣ ዓይናቸው ሥር ይበልጥ የጠቆረና ያዘኑ የሚመስሉ ሲሉ ፈረጇቸው። እንግዲህ ጠያቂው ዘመድ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ነገር ግን በእንቅልፍ እጦት የመጣ ጥቁረት በእንቅልፍ ይቀላል። ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ ጥቁረት ካለ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

ሌላው ቦታ ብዙ ጊዜ ሜላኒን ነው፤ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር። ሜላኒን የሚያመርቱት ሕዋሳት ቁጥር በጥቁርና በነጭ ሰው ቆዳ ውስጥ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከሚያመርቱት ቀለም መጠንና ከቀለም ከረጢቶቹ ትልቅነትና ሥርጭት ነው። እንደ እኛ ባለ ቆዳ ላይ እነዚህ ሕዋሳት ለትንሽ ቁጣ ብዙ ቀለም ይሰጣሉ። ብጉር ድኖ ጥቁር ምልክት የሚተወው በዚሁ ነው። ዓይኑን በአለርጂ ምክንያት ሲያሽ የሚውል ልጅም እንዲሁ፤ ማሳከኩ ቢታከምለት ለዓይኑ ሥር ከማንኛውም ሴረም የተሻለ ውለታ ነው። ኩልም ይነሳ ከተባለ፣ ቅሪቱ ሽፋኑ ላይ ይጋገራል፣ ለማስለቀቅም ቆዳው ይታሻል፤ አንዳንዱ የገበያ ኩል ደግሞ እርሳስ ያለበት ነው። (ማጥቆሩን በተመለከተ እንኳ ኩልን መውቀስ ይከብዳል፤ ሥራው እሱ ነው።)

ዘርም አለበት። ጎድማንና ቤልቸር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ የዓይን ዙሪያ ጥቁረት በዘር የሚወረስ፣ ግን ችላ የተባለ የቀለም ሁኔታ መሆኑን አስረድተዋል። የእናትዎና የአያትዎ ፎቶ ላይ ያው ጥቁረት ካለ፣ በሽታ ሳይሆን የቤተሰብ መልክ ነው የወረሱት። ይህን ማወቅ ብቻውን የአንዳንድ ሰው ጭንቀት ያቀላል ብዬ አምናለሁ።

ፀሐይን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ መናቅ አይቻልም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በዓይን የምናየው ተራ ብርሃን ራሱ ጠቆር ያለ ቆዳን ለብዙ ቀናት እንደሚያጠቁር አሳይቷል፤ ነጣ ባለው ቆዳ ላይ ይህ አልታየም። አብዛኛው ቀለም የሌለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይህን ብርሃን አያስቆምም። የብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ ራሱ የቆዳ ቀለም ያለው መከላከያ ግን ያስቆማል።

ሦስተኛው፣ ጥላ፣ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ዓይን ሽፋንና ጉንጭ የሚገናኙበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ሰውነት ሲከሳ የጉንጭ ስብ ይቀንሳል፣ ዓይን ሥር ያለው ስብ ደግሞ ወደ ፊት ይገፋል፤ ጉድጓዱ ይጎላል። ብርሃን ከላይ ሲመጣ ጥላ ይጥላል። ሰው አሳንሰር ውስጥ ባለ መስታወት ራሱን አይቶ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ይህን ጥላ የሚያነሳ ቅባት የለም፤ በጄል የሚሞላ መርፌ አለ፣ እሱ ግን የሐኪም ሥራ ነው፣ ደም ሥር ውስጥ ከገባም ዓይን እስከማጥፋት የሚደርስ አደጋ አለው።

የእርስዎ የትኛው ነው? ቀን ላይ በመስኮት ፊት ለፊት ቆመው፣ መስታወት በእጅ ይዘው፣ ፊትዎን ወደ ብርሃኑ ቀና ያድርጉ። ጥቁረቱ ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ ጥላ ነበር። ካልጠፋ የታችኛውን ሽፋን በጣት ቀስ አድርገው ወደ ጎን ይወጥሩት። ቆዳው ሲሳሳ ወይን ጠጁ ከደመቀ ደም ነው፤ ቡናማው እንዳለ ከቀረ ቀለም ነው። በሲንጋፖር በ200 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ከ10ሩ 4 ያህሉ የደም ሥር፣ 4 ያህሉ ደግሞ የተፈጥሮ ቀለም ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ሰው ላይ ሁለቱ ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ስለዚህ መልሱ ድፍን ያለ ካልሆነ አይገረሙ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ሴረም ቀጠን ያለ፣ በውሃ ወይም በጄል የተበጠበጠ ቅባት ነው፤ ተስፋው ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ቆዳን አልፎ እንዲገባ ነው። የቆዳ የላይኛው ንጣፍ ወንፊት ነው እንበል። ቦስና ማይናርዲ የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጽሑፍ የሞለኪውል ክብደቱ ከ500 ዳልተን በላይ የሆነ ነገር በጤነኛ ቆዳ ማለፍ እንደሚቸገር አስቀምጠዋል። በዚህ መለኪያ ኒያሲናማይድ 122፣ ቫይታሚን ሲ 176፣ ካፌይን 194፣ ሬቲኖል 286 ናቸው፤ ሁሉም ያልፋሉ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሺህዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዳልተን ስለሚመዝን ላይ ይቀራል። ላይ ሆኖ ውሃ ይይዛል፣ የደረቀው ቆዳ ይነፋፋል፣ ፊት ፈካ ይላል፤ ሲታጠቡ አብሮ ይሄዳል።

የቡና አገር ሰዎች በመሆናችን ካፌይን ላይ ትንሽ ልቆይ። ካፌይን ደም ሥርን ያጠብባል፤ ስለዚህ ዓይን ሥር ያለውን እብጠትና የደም ጥቁረት ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል፣ በርካታ ሴረሞች ላይም ስሙ በትልቁ ይጻፋል። የታይላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሙከራ ዓይናቸው የሚያብጥ 34 በጎ ፈቃደኞችን ወስደው ካፌይን ያለበትን ጄል ካፌይን ከሌለበት ጄል ጋር አነጻጸሩ። በአጠቃላይ ውጤቱ ልዩነት አልታየም፤ ከአራት ሰዎች አንዱ ያህል ላይ ብቻ ካፌይኑ በልጦ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ እብጠቱን የቀነሰው በዋናነት የጄሉ ቅዝቃዜ ነው የሚል ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ማንኪያም ይህን ያደርጋል። የቡና አተላ ዓይን ሥር ማሸትን ግን ይተዉት፤ ሻካራ ነው፣ ቆዳን ያስቆጣል፣ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ይጠቁራል።

ኒያሲናማይድ የተሻለ ሳይንስ አለው፤ ሜላኒን ከአምራቹ ሕዋስ ወደ ጎረቤት ሕዋሳት እንዳይተላለፍ ይቀንሳል። ቫይታሚን ሲ የሜላኒን ምርትን ያዳክማል፣ ነገር ግን አየርና ብርሃን ያበላሹታል፤ ጠርሙስ ውስጥ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ይጣሉት። ሬቲኖል በወራት ውስጥ ኮላጅን እንዲጨምርና ቆዳው እንዲወፍር ያግዛል፤ ስለዚህ ለደም ጥቁረት መጠነኛ ተስፋ አለው። ነገር ግን ያቃጥላል፣ ያላልጣል፣ እርጉዝ ሴት ልትርቀው ይገባል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በፊት ቅባት ውስጥ ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። «በአምስት ደቂቃ ውስጥ» የሚል ሴረም ካዩ ደግሞ ውስጡ ብርሃን የሚመልሱ የማይካ ወይም የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ብናኞች ይኖሩበታል። ይህ ሜካፕ ነው። ሜካፕ ክፉ ነገር አይደለም፤ በሴረም ዋጋ መግዛቱ ነው ክፋቱ።

የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ቫይታሚን ኬ፣ ሬቲኖል፣ ቫይታሚን ሲና ኢ የያዘ ጄል ለ57 ጤነኛ ሰዎች ለ8 ሳምንት አስቀብተው ነበር። በ27ቱ ላይ ከደም ጋር የተያያዘው ጥቁረት ቀነሰ። ጥሩ ይመስላል፤ ግን ሁሉም የተቀቡት በሁለቱም ዓይኖች ሥር ነው፣ ምንም ሳይቀቡ ቢቆዩስ ምን ይሆኑ ነበር የሚለው አልተመለሰም። ኢንተርኔት ላይ የምናየው «ከመቀባት በፊት» እና «ከተቀባሁ በኋላ» ፎቶም ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ሰው ሴረም የሚጀምረው መልኩ በከፋበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ በኋላ ባይቀባም ይሻለዋል።

ተፈጥሮ ግን ለዚህ ፈተና ሁለት ዓይን ሰጥታናለች። ሴረሙን ለመሞከር ከወሰኑ መጀመሪያ ጥቂት ቀን የክንድዎ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀብተው እንደማያስቆጣዎ ያረጋግጡ። ከዚያ ሳንቲም ወርውረው አንዱን ዓይን ይምረጡ። ያኛው ሥር ሴረሙን፣ ሌላኛው ሥር ተራ የሚያለሰልስ ቅባት ይቀቡ፤ እንዲህ ሲሆን ከማለስለስ የሚመጣው ለውጥ ለሁለቱም እኩል ይሆናል። ለአንድ ዓይን አንዲት ጠብታ ይበቃል፤ ከሽፋሽፍቱ ራቅ አድርገው አጥንቱ ላይ ይቀቡት። ፎቶውን በአንድ መስኮት፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩ ፊት የሚያሳምርበትን ዘዴ አጥፍተው ያንሱ። የላይኛው ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፣ ኮላጅን ደግሞ ከዚያ በላይ፤ ስለዚህ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ አይፍረዱ። ሲሞላም ፈራጁ እርስዎ አይሁኑ። የትኛው ዓይን እንደተቀባ ለማያውቅ ሰው ፎቶዎቹን አሳይተው «የትኛው ፈካ ያለ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መለየት ካቃተው ሁለተኛ ጠርሙስ አይግዙ።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ መሞከር የለበትም፤ እሱም ቆዳ የሚያቀሉ ክሬሞችን ዓይን ሥር መቀባት ነው። ብዙዎቹ ሀይድሮኪኖን፣ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ይኖርባቸዋል፤ ማሸጊያው ላይ ሁልጊዜ አይጻፍም። ስቴሮይድ ስሱን ቆዳ ይብሱን ያሳሳዋል፤ ደም ሥሩ ይበልጥ ይታያል፣ ዓይን አጠገብ ሲዘወተርም ግላኮማና የዓይን ሞራ ያስከትላል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ሀይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳ ላይ የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ1975 የተዘገበው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1990 በኮስሞቲክስ ውስጥ ከልክላዋለች። ለማቅላት የተቀባው አጠቆረ ማለት ነው።

ጥቁረቱ በአንድ ዓይን ብቻ በድንገት ከመጣ፣ እብጠት ወይም ማሳከክ ካለው፣ ወይም ድካምና መገርጣት ከተከተለው የቆዳ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ይዩ፤ የደም ማነስ ምርመራ ከሴረሙ ያነሰ ዋጋ ሊያስወጣ ይችላል። ጥቁረቱ ጥላ ከሆነ ገንዘብዎን ይያዙ። ቀለም ወይም ደም ከሆነና ገንዘብዎ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ሴረሙን ትተው ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ይግዙ።