እጅን ከማንሣት የሚያስቀር ላብ

እሑድ ረፋድ አዳማ ውስጥ በአምልኮ ላይ ነዎት እንበል። ዝማሬው ደምቋል፤ በዙሪያዎ ያሉ ወገኖች ሁሉ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል። እርስዎ ግን ክንድዎን ከጎንዎ ጋር አጣብቀው ቆመዋል። ልብዎ ስላልተነካ አይደለም፤ የሸሚዝዎ ብብት መራሱን ሰው እንዳያይ ነው። በዚያ ሙቀት ኮትዎን ለምን እንደማያወልቁ ባለቤትዎ ጠይቀውዎት መልስ ሳይሰጡ ቀርተው ይሆናል።

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በመተሐራ ለሚኖር ሰው ማላብ ብርቅ አይደለም። ላብ ሰውነታችንን እንዲያቀዘቅዝ ፈጣሪ የሰጠን ነው። ነገር ግን አየሩ ሳይሞቅ፣ ሥራም ሳይሠሩ፣ ሁለቱም ብብቶቻቸው ልብስ እስኪያርሱ የሚያልባቸው ሰዎች አሉ። ይህ የንጽሕና ጉድለት ወይም የኃጢአት ምልክት አይደለም። የላብ ዕጢዎችን የሚያዝዙት ነርቮች ከልክ በላይ ሲሠሩ የሚመጣ ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ ከ25 ዓመት ዕድሜ በፊት ይጀምራል፤ በእንቅልፍ ሰዓት ይቆማል፤ በቤተሰብም ሊወረስ ይችላል። ላቡ ሌሊት የሚያጠምቅዎ፣ ትኩሳት ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ከሆነ ግን የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ፈጥነው ይመርመሩ።

ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያው መንገድ አይደለም። ሐኪም በቅድሚያ የሚያዝዘው አልሙኒየም ክሎራይድ ያለበት ቅባት ነው፤ ማታ በደረቀ ብብት ላይ ተቀብቶ ጠዋት ይታጠባል። ይህ ካልበቃ የቦቶክስ መርፌ አለ፤ ለወራት ያደርቃል፤ ሲያልቅ ይደገማል። የሚዋጥ መድኃኒትም አለ፤ ነገር ግን የመላ ሰውነትን ላብ ስለሚቀንስ በቆላ አገር ሰውነትን ከመጠን በላይ ሊያግል ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ካልረዱ ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምና አለ። የመጀመሪያው በብብት ላይ ብቻ የሚደረግ ነው። ቦታው ይደነዝዝና በትንሽ ቀዳዳ ዕጢዎቹ ከቆዳው ሥር ተፍቀው ይመጠጣሉ። ጠባሳ፣ ቁስል ማመርቀዝ ወይም መደንዘዝ ሊያስከትል፣ ላቡም በከፊል ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ታካሚው ሙሉ በሙሉ እንዲተኛ ተደርጎ፣ በደረት ውስጥ በካሜራ እየታየ ላብ የሚያዝዘው ነርቭ ይቆረጣል ወይም ይቆነጠጣል። ይበልጥ የሚጠቅመው ለእጅ መዳፍ ላብ ነው። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰዎች ጀርባቸውን፣ ሆዳቸውንና ጭናቸውን ያልባቸዋል፤ አንዳንዶቹም ከቀድሞው ይብስባቸዋል። ሙቀት ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። የተቆረጠ ነርቭ እንደገና ይቀጠላል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ የሆነ ሰው ለብብት ላብ ብሎ ይህን ከመወሰኑ በፊት ደጋግሞ ሊያስብ ይገባዋል።

«ጸልዬ ዝም ብል አይሻልም?» ይሉ ይሆናል። መጸለይ መልካም ነው፤ ጸሎትና ሐኪም ግን አይጣሉም። በከተማችን አዳማ የሜኖናይት ሚስዮናውያን ወንጌልን ይዘው ሲመጡ በኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕሙማንንም ያክሙ ነበር። ስለዚህ ሳይሳቀቁ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሐኪም ይሂዱ፤ እርሱም ወደ ቆዳ ሐኪም ሊልክዎ ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናው የታወቀ ነው። ቀዶ ሕክምና ከታሰበም ሐኪሙን «ከዚህ የቀለለ ምን ቀረ? ላቡ ወደ ሌላ አካሌ ቢዞርስ?» ብለው ይጠይቁ።

ባለ ትዳሮች ሆይ፣ ከሁሉ በፊት ግን እርስ በርስ ተነጋገሩ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ያለችው ሴት ለ12 ዓመት የተሸከመችውን ሕመም ደብቃ ከኋላ ቀረበች። ጌታ ግን ተደብቃ እንድትሄድ አልፈለገም፤ ልጄ ብሎ ጠርቶ በሰላም አሰናበታት። ባል ሚስቱ ስለ ላቧ ስትነግረው አይሳቅ፤ ሚስትም ባሏን ስለ ሸሚዙ በሰው ፊት አታሳፍረው። በቤት ውስጥ ያልተናቀ ሰው ሸሚዙ ቢርስም በጉባኤ መካከል እጁን ለማንሣት አያፍርም።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።