ለባሕር ዘንግዎ የሚስማማ ሪል እንዴት ይመረጣል?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው ወገናችን ብዙ ነው። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከብዙዎቻችን ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው፤ የአትላንቲክ ዳርቻም ቢሆን ጠዋት ተነስቶ ምሳ ሳይደርስ የሚደረስበት ነው። ልጅነቱን በሐዋሳ ወይም በዝዋይ ሐይቅ ዳር በክርና በመንጠቆ ብቻ ቀረሶ ሲያወጣ ያሳለፈ ሰው፣ እዚህ መጥቶ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ሲገባ ግን ግድግዳ ሙሉ የተደረደረው ሪል፣ ማለትም የክር መጠቅለያው፣ ግራ ያጋባዋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ዘንጉን በዋጋው፣ ሪሉን በመልኩ መርጦ መውጣት ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ክር ይበጠሳል፣ እጅ ይዝላል፣ ዓሣውም ያመልጣል።

ሪል የሚመረጠው በዘንጉ ነው። ዘንጉ ምን ያህል ክር፣ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል በራሱ ላይ ተጽፏል። ከመያዣው ከፍ ብሎ አነስ ባሉ ፊደላት የተጻፈውን መስመር ይፈልጉት። ለምሳሌ ያህል «7 ጫማ፣ ሚዲየም፣ ክር ከ10 እስከ 17 ፓውንድ፣ ማባበያ ከ3/8 እስከ 1 አውንስ» ይላል እንበል። የክሩ ቁጥር ክሩ ስንት ፓውንድ ሲጎተት እንደሚበጠስ የሚያመለክት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዘንጉ በደህና የሚወረውረው ክብደት ነው፤ በግራም ከ11 እስከ 28 ገደማ ይሆናል። ይህ በቼሳፒክ ዳር ባለው ሳንዲ ፖይንት ወይም በጀልባ ላይ ሆኖ በሜሪላንድ ሮክፊሽ የሚባለውን ባለ መስመር ዓሣ ለማጥመድ የሚመች ዘንግ ነው። (ሮክፊሽ የሜሪላንድ ግዛት ይፋዊ ዓሣ ነው፤ ይዞ ለመውሰድ የሚፈቀደው ርዝመትና ወቅት ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር፣ ከመውጣትዎ በፊት የግዛቱን ደንብ ማየት ግዴታ ነው።)

እዚህ የምናወራለት ስፒኒንግ ሪል ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው፣ ስፑሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት ክፍል) በመወርወር ጊዜ የማይዞር፣ ክሩ ከፊቱ ጫፍ እየተፈታ የሚወጣለት ዓይነት ነው። የዛሬውን ስፒኒንግ ሪል መሠረት የጣለው የእንግሊዙ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ ነው፤ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበትን ሐሳብ ያገኘው በፋብሪካው ፈትሉ ከማጠንጠኛው ጫፍ ሲፈታ አይቶ ነው። ለጀማሪ የሚቀለው ይህ ዓይነት የሆነውም ክሩ ያለ ብዙ ልምድ ሳይተበተብ ስለሚወጣ ነው።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ፤ ዘንጉንና ሪሉን የሚያገናኘው እሱ ነውና። በዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የታሰበው ሞኖ ለሚባለው ተራ የናይለን ክር ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ግን ብሬድ የሚባለውን የተገመደ ክር ነው። ብሬድ በጣም ቀጭን ነው፤ 20 ፓውንድ የሚችለው ብሬድ ውፍረቱ 6 ፓውንድ ከሚችለው ሞኖ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ አነስ ያለ ሪል ብዙ ክር ይይዛል። ከላይ ለጠቀስነው ዘንግ 15 ወይም 20 ፓውንድ ብሬድ፣ ወደ 200 ያርድ (180 ሜትር ገደማ) ይበቃል። ይህን የሚይዘው በአብዛኞቹ ኩባንያዎች አቆጣጠር ከ3000 እስከ 4000 ያለው መጠን ነው።

ይህ ቁጥር ግን ሁሉም ኩባንያዎች የተስማሙበት መለኪያ አይደለም። በ1932 ፊላዴልፊያ ውስጥ የተመሠረተው ፔን፣ ባትል የሚባለውን ሪሉን 4000፣ 5000፣ 6000 እያለ ሲቆጥር፣ ስፒንፊሸር የሚባለውን ደግሞ 3500፣ 4500፣ 5500 ይለዋል። ሺማኖና ዳይዋም የየራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። ስለዚህ የአንዱን 4000 ከሌላው 4000 ጋር እኩል አድርጎ መውሰድ አያዋጣም። ካርቶኑን አገላብጠው የሪሉን ክብደትና በስንት ፓውንድ ክር ስንት ያርድ እንደሚይዝ ያንብቡ።

ቀጥሎ ሪሉን ዘንጉ ላይ ገጥመው ይያዙት። ከሪሉ መቀመጫ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ጣት ከሥሩ ሲያደርጉ ዘንጉ ወደ አንዱ ወገን ሳይወድቅ ሊቆም የቀረበ መሆን አለበት። ጫፉ ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ ሪሉ ቀሏል፤ ቀኑን ሙሉ ሲወረውሩ የእጅ አንጓዎ ነው የሚከፍለው። ክሩ የሚያልፍበትን የዘንጉን የመጀመሪያ ቀለበት ደግሞ ከስፑሉ ጋር ያስተያዩት። ከትልቅ ስፑል ክሩ በሰፊው እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ቀለበቱ ጠባብ ከሆነ እዚያ ላይ ይፋተግና ውርወራውን ያሳጥረዋል። 8000 የሚባል ሪል በዚህ የ7 ጫማ ዘንግ ላይ መግጠም የማይመከረው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው።

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በፍሬኑ ላይ ነው፤ ድራግ የሚሉት ማለቴ ነው። ስፑሉ አናት ላይ ያለው የሚጠብቅና የሚላላ ቁልፍ፣ ከሥሩ የተደራረቡትን ክብ ክብ ሳህኖች ይጫናቸዋል። ዓሣው ከተወሰነው ኃይል በላይ ሲጎትት ስፑሉ ይዞርና ክር ይለቅለታል፤ ክሩ የሚተርፈው በዚህ ነው። ማስታወቂያው ታዲያ «እስከ 25 ፓውንድ ድራግ» እያለ ይጮኻል። ፍሬኑ የሚስተካከለው ግን ክሩ ከሚችለው ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ላይ ነው። ለ20 ፓውንድ ክር ይህ ከ5 እስከ 6 ፓውንድ ተኩል ማለት ነው። በዚህ ዘንግ ላይ 25 ፓውንድ የሚጠቅምበት ቦታ የለም፤ እስከዚያ ቢያጠብቁት ክሩ ቀድሞ ይበጠሳል።

ሊያሳስብዎት የሚገባው የፍሬኑ ልስላሴ ነው። ሱቅ ውስጥ ፍሬኑን ላላ አድርገው ክሩን በእጅዎ በቀስታ ይሳቡት። ጥሩው ሲነሳ ሳያንገራግር፣ እንደ አንድ ሆኖ ይለቃል። መጥፎው መጀመሪያ ያዝ ያደርግና በድንገት ይለቃል፤ ዘንጉ ላይ ገጥመው ቢሞክሩት ጫፉ ሲንቀጠቀጥ ያዩታል። ቀጭን ክር የሚበጠሰው በዚያች ያዝ በምታደርግበት ቅጽበት ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ዓሣው ብዙ ክር ይዞ ሲሄድ ስፑሉ ላይ የቀረው ክብ ይጠባል፤ ክቡ በጠበበ ቁጥር ያንኑ ፍሬን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉተታ ይጨምራል። የክሩ ክብ በግማሽ ሲቀንስ ክሩ ላይ ያለው ጫና እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዓሣው በራቀ ጊዜ ፍሬኑን ማጥበቅ ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው ቢሆንም ክር የሚያስበጥስ ነው።

ከባሕሩ ዳር ቆሞ ማዕበሉን አሻግሮ መወርወር ሌላ ዘንግ ይጠይቃል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዳርቻ 37 ማይል በምትረዝመው አሳቲግ ደሴት ላይ የሚታዩት ዘንጎች 10 እና 11 ጫማ ናቸው፤ በላያቸውም ከ3 እስከ 6 አውንስ ተብሎ ይጻፋል። እዚህ ከ6000 እስከ 8000 ያለው ሪል፣ 30 ፓውንድ ብሬድና ወደ 300 ያርድ ክር ያስፈልጋል። ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ላይ በተተከለ ቱቦ ውስጥ ስለሚቆም የክብደቱ ነገር ያን ያህል አያስጨንቅም። የሚያስፈራው ውርወራው ነው፤ ከባድ እርሳስ በኃይል ሲወረወር ቀጭን ክር ተበጥሶ እርሳሱ ሰው ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ከፊት ወፈር ያለ ክር ይቀጠላል፤ ለእያንዳንዱ አውንስ እርሳስ 10 ፓውንድ ተብሎ ይሰላል። ለ4 አውንስ እርሳስ 40 ፓውንድ መሆኑ ነው። ቅጥሉ ስፑሉን የተወሰነ ዙር እስኪዞረው ድረስ መርዘም አለበት።

የማርሽ ነገር ብዙ አያስጨንቅ። 5.6 ለ1 የሚል ቢያዩ እጀታው አንድ ዙር ሲዞር ክር ጠቅላዩ ክፍል 5.6 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ከ5 እስከ 6 ያለው ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል፤ በፍጥነት መሳብ ያለበትን የብረት ማባበያ ለሚወረውር ብቻ ከ6 በላይ ያለው ይመረጣል።

ጨው ግን ያስጨንቃል። የቼሳፒክ ውኃ ከውቅያኖሱ ይልቅ የተበረዘ ቢሆንም ብረት ይበላል። ሻጮች «ኩሽኔታው 10 ነው» ብለው ይኩራራሉ፤ በጎማ በደንብ የታሸጉ 4 ኩሽኔታዎች ካልታሸጉት 10 ይሻላሉ። የፕላስቲክ አካል ባይዝግም ከባድ ዓሣ ሲይዝ ይለመጣል፤ አሉሚኒየሙ አይለመጥም፣ ነገር ግን ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ ጨው ይበላዋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ክሩ በላዩ የሚያልፍባት፣ ክሩን ወደ ስፑሉ በሚመልሰው ሽቦ ጫፍ ያለችው ትንሿ ተሽከርካሪ ናት። ጨው ይዟት መዞር ስታቆም ክሩ እዚያው ላይ እየተፋተገ ቦይ ያወጣባታል፤ ከዚያ በኋላ የሚገጠም አዲስ ክር ሁሉ እዚያ ይቆረጣል። ሲገዙ በጣትዎ ያዟዙሯት፤ ከየጉዞው በኋላም እንደገና ይፈትሿት።

ከባሕር ሲመለሱ ፍሬኑን አጥብቀው ሪሉን ለስለስ ባለ ንጹህ ውኃ ያለቅልቁት። ኃይለኛ የቧንቧ ውኃ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ባልዲ ውስጥ መንከርም እንዲሁ ነው። አራግፈው ሲደርቅ ፍሬኑን መልሰው ያላሉት፤ እንደጠበቀ የቆየ ፍሬን ሳህኖቹ ተጣብቀው ልስላሴውን ያጣል።

በጀት ሲያጥር ከዘንጉ ቀንሱ እንጂ ከሪሉ አትቀንሱ የሚለውን ምክር እኔም እደግፋለሁ። ዘንግ የሚዞር ነገር የለውም፤ ቀለበቱ ካልተሰበረ ርካሹም ለዓመታት ያገለግላል። ርካሽ ሪል ግን በጨው ውኃ አንድ ክረምት ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ ሪል ሊገዙ ሲሄዱ ዘንግዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ ገጥመው፣ ፍሬኑን ስበው፣ ተሽከርካሪዋን አዙረው ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።