አያያዥና ምልክት፦ የዩቢኩዊቲን ሊጌዝ ኢንዛይሞች አሠራርና የአማርኛ ስያሜያቸው

ዩቢኩዊቲን በ76 አሚኖ አሲዶች የተገነባ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ስሙ «በሁሉም ቦታ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ ከእርሾ እስከ ሰው ባሉ ሕዋሳት መገኘቱን ያመለክታል። በሌላ ፕሮቲን ላይ ሲታከል የዚያን ፕሮቲን ዕጣ ይለውጣል። በዩቢኩዊቲን አማካይነት ፕሮቲኖች የሚፈርሱበትን ሥርዓት በመግለጣቸው አሮን ቼኻኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮና ኧርዊን ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሥራው በሦስት ኢንዛይሞች ቅብብል ይፈጸማል። አንደኛው በኤቲፒ ኃይል ዩቢኩዊቲንን ያነቃዋል፤ ሁለተኛው ተረክቦ ይሸከመዋል፤ ሦስተኛው፣ ማለትም ሊጌዙ፣ ዒላማውን ፕሮቲን ለይቶ ከዩቢኩዊቲን ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ «አንቂ»፣ «ተሸካሚ» እና «አያያዥ» የሚሉት ስያሜዎች የተግባሩን ቅደም ተከተል ይከተላሉ። በሰው ዘንድ አንቂዎቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ አያያዦቹ ከ600 በላይ ናቸው፤ ዒላማውን የመምረጡ ሥልጣን የእነርሱ ነውና።

«አያያዥ» «ተያያዘ» ከሚለው የእርስ በርስ ድርጊት ግንድ መውጣቱ ይጠቅማል። አብዛኞቹ ሊጌዞች ዩቢኩዊቲንን ራሳቸው አይረከቡም፤ ተሸካሚውንና ዒላማውን አቀራርበው ርክክቡን ያፋጥናሉ። «አጣባቂ» ቢባል ይህ የማገናኘት ባሕርይ ይደበዝዛል።

አስቸጋሪው የምልክቱ ስም ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ «የሞት መሳም» ይባላል። ይህ በቀጥታ ቢመለስ ግማሹን እውነት ብቻ ይይዛል። ዩቢኩዊቲኖች በ48ኛው ላይሲን በኩል ሲቀጣጠሉ ሰንሰለቱ ፕሮቲኑን ወደ ፕሮቲያሶም ይመራዋል፤ በዚያም ተቆራርጦ ይፈርሳል። በ63ኛው ላይሲን በኩል ሲቀጣጠሉ ግን ሰንሰለቱ በአብዛኛው ለዲኤንኤ ጥገናና ለመልእክት ማስተላለፊያ ያገለግላል። ምልክቱን የሚያነሡ ኢንዛይሞችም አሉ። ቅርጹ አንድ፣ ፍቺው እንደ መያያዣ ቦታው ልዩ ልዩ ነው።

የስያሜው ጉዳይ ከመዝገበ ቃላት ያለፈ ነው። ኤምዲኤም2 የተባለው አያያዥ ዕጢን የሚከላከለውን ፒ53 የተባለ ፕሮቲን መጠን በልክ ይይዛል። ለማኅፀን በር ካንሰር የሚዳርጉት የፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነቶች ግን የሕዋሱን ሌላ አያያዥ ጠምዝዘው ፒ53ን ያስፈርሳሉ። ማፍረሱ በአንድ ወገን ሥርዓት፣ በሌላው ደዌ ነው። ይህን ለሐኪም ተማሪም ሆነ ለታማሚ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው፣ አስቀድሞ ሞትን የሚፈርድ ስም ያሳስተዋል። እንግዲህ «ምልክት» የወል ስም ሆኖ፣ «የማፍረሻ ምልክት» ለአንዱ ዓይነት ብቻ ቢወሰን ይመረጣል።