የጋራ ግድግዳ፦ ከማልቨርን መንትያ ቪላዎች እስከ መተማ የኪራይ ክፍሎች



የዛሬው ንግግሬ በአንድ የቤት አካል ላይ ያተኩራል፤ ይኸውም ሁለት ጎረቤታሞች የሚጋሩት ግድግዳ ነው። የሕንፃ ታሪክ መምህር እንደመሆኔ ጉዳዩን ከታሪክ እጀምራለሁ፤ መድረሻዬ ግን የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው።

አዲስ አበባን ፍልውኃ እንደወለዳት ሁሉ፣ በእንግሊዝም የፈውስ ውኃ ያሳደጋቸው ከተሞች አሉ። ከእነዚህ አንዷ ማልቨርን ናት። እ.ኤ.አ. በ1842 ጄምስ ዊልሰንና ጄምስ ገሊ የተባሉ ሐኪሞች በቀዝቃዛ ውኃ የማከም ዘዴን ስለጀመሩባት በርካታ ሕሙማን ጎረፉባት፤ ቻርልስ ዳርዊንም በ1849 ለሕክምና ሄዶባታል። በእንዲህ ያሉ ከተሞች መካከለኛው መደብ የባለጸጋ ቪላ ይመኝ ነበር፤ አቅሙ ግን ለሙሉ ቪላ አይበቃም። መፍትሔው መንትያ ቪላ ሆነ፦ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ፣ ከመንገድ ሲታዩ አንድ ትልቅ ቤት የሚመስሉ ሁለት ቤቶች። ጆን ላውደን በ1820ዎቹ ለንደን ውስጥ የሠራው ጥንድ ቤት የዚህ ቀደምት ምሳሌ ነው፤ መግቢያዎቹን ወደ ሁለቱ ጎኖች በማድረጉ ጥንድነቱ ከመንገድ አይታወቅም ነበር። የጋራው ግድግዳ ወጪና መሬት ይቆጥባል፤ በብርድ አገር ሙቀትም ይይዛል። ሆኖም እያንዳንዱ ቤት በሦስት ወገን ለብርሃንና ለአየር ክፍት ነው።

በአገራችንም ተያይዘው የተሠሩ ዘመናዊ ቤቶች በጣልያን ወረራ ዘመን ተስፋፍተዋል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ሲሆን፣ ኢንቺስ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ምሕጻረ ቃል ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ በከተሞቻችን በርካታ ቪላዎች ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈሉ። የካዛንቺስ ነባር ቤቶች አብዛኛዎቹ በ2017 ዓ.ም. ፈርሰዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ የጋራ ግድግዳ ለነዋሪዋ ሸክም አልነበረም።

መተማ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድን ያልፋል። ነባሩ የቆላ ጎጆ በሁሉም ወገን ነፋስ ያገኛል፤ የሣር ክዳኑም የፀሐይን ሙቀት ይከላከላል። ዛሬ በከተሞቹ የምናየው የኪራይ ክፍል ከዚህ የተለየ ነው፦ ብዙ ክፍሎች በአንድ የቆርቆሮ ክዳን ሥር ይደረደራሉ፤ የጀርባቸው ግድግዳ አጥር ላይ ያርፋል፤ በርና መስኮት በፊት ለፊት ብቻ ይከፈታሉ። አየር በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው የሚወጣበት መንገድ የለም።

ውጤቱ ከምቾት ያለፈ ነው። ክፍሉ ሌሊትም ስለማይቀዘቅዝ ነዋሪው አልጋውን ወደ ደጅ ያወጣል። ደጅ ደግሞ የወባ ትንኝና ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አሉ። ሁለቱም በዋናነት በምሽትና በሌሊት ይናከሳሉ። መተማና ሑመራ በካላዛር የሚታወቁ ቆላዎች ናቸው፤ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ በተለይ ይጠቃል። ስለዚህ የመስኮት አቀማመጥ የጤና ጉዳይም ነው።

እንግዲህ ጥፋቱን በጋራ ግድግዳው ላይ ብቻ ማሳበብ አይገባም። የመንትያ ቪላው ብልሃት መጋራትን በሁለት መወሰኑና ሦስቱን ወገን ነፃ መተዉ ነበር። ገንዳ ውኃና መተማ ሲስፋፉ አከራዩ መሬት መቆጠቡ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ አሥር ክፍል ከመደርደር ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በመካከል የነፋስ መተላለፊያ መተው ይቻላል። ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር፣ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ መሥራት፣ ሰፊ በረንዳ መጨመርና መስኮቱን በወንፊት ሽቦ መሸፈን ለአናጢውም ለግንበኛውም እንግዳ ሥራ አይደለም።

ተማሪዎቼ፣ ከሌላ አገር የመጣ የቤት ንድፍ ስታዩ አስቀድማችሁ የየትኛው አየር ጠባይ መልስ እንደሆነ ጠይቁ።