የተከላካይ እንጀራ

በ2014 የክረምቱ የዝውውር መስኮት ሃል ሲቲ ሁለት ወጣት ተከላካዮችን ገዛ። ለአንዱ 2.85 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለሌላው ደግሞ ወደ 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፈለ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ያወራለት ዝውውር አልነበረም። አንደኛው ልጅ አንዲ ሮበርትሰን ነው፤ በኋላ የሊቨርፑል የግራ መስመር ተከላካይና የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን አምበል የሆነው። ሌላኛው ሃሪ ማጓየር ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ማንችስተር ዩናይትድ 80 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ የዓለማችን ውዱ ተከላካይ ያደረገው።

ሁለቱ በሃል ማልያ ባሳለፏቸው ሦስት ዓመታት ክለቡ ሁለት ጊዜ ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዷል። በ2016/17 የውድድር ዘመን ብቻ በ38 ጨዋታ 80 ግብ ተቆጥሮበታል። እንዲህ ከሚያፈስ የኋላ መስመር ሁለት ታላላቅ ክለቦች የሚፈልጓቸው ተከላካዮች መውጣታቸውን ብዙ ሰው እንደ ዕድል ያየዋል። እኔ ዕድል ብቻ አይመስለኝም። አጥቂ ጎልቶ እንዲታይ ኳስ የሚያቀብለው ቡድን ያስፈልገዋል። ተከላካይ ግን ሥራውን የሚያውቀው ኳስ ያለ ፋታ በሚመጣበት ቦታ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ የሚገኘው በደካማ ቡድንና በታችኛው ሊግ ውስጥ ነው።

እኛ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን የምናየው የላይኛውን እርከን ብቻ ነው። ከፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለቦች በታች ቻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋንና ሊግ ቱ የሚባሉ ሦስት እርከኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 24 ክለቦች ስላሏቸው ድምሩ 92 ይሆናል። በነዚህ ሦስቱ አንድ ቡድን በዓመት 46 የሊግ ጨዋታ ያደርጋል። የዋንጫ ጨዋታዎች ሲጨመሩበት ክረምት ከበጋ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ሜዳ ላይ መዋል ነው። ስኮትላንድ የራሷ ሊግ አላት፤ በአራት እርከን የተደለደሉ 42 ክለቦች።

በእንግሊዝ ክለቦች ወጣት ቡድን ያደጉ ልጆች 16 ዓመት ሲሞላቸው የሁለት ዓመት የሥልጠና ውል ይሰጣቸዋል፤ ከ17 ዓመታቸው ጀምሮ የፕሮፌሽናል ውል መፈረም ይችላሉ። ብዙዎቹ ግን ወደ ዋናው ቡድን ሳይደርሱ ይሰናበታሉ። ለተከላካይ ደግሞ በሩ ይበልጥ ይጠባል። ወጣት አጥቂ አምስት ዕድል አምክኖ አንዱን ቢያስቆጥር ይጨበጨብለታል፤ ወጣት የመሃል ተከላካይ አምስት ኳስ አውጥቶ በአንዱ ቢሳሳት ግብ ይገባል። ስለዚህ አሰልጣኞች ልጁን በውሰት ሌላ ክለብ ይልኩትና እዚያው ተሳስቶ እንዲመለስ ይጠብቃሉ። ቼልሲ ጆን ቴሪን በ2000 ወደ ኖቲንግሃም ፎረስት ልኮታል፤ ማጓየርም ከሃል ወደ ዊጋን ተውሷል።

ማጓየር እንኳ ወደ ሃል የመጣበት መንገድ የሚያስገርም ነው። በሼፊልድ ዩናይትድ ዋና ቡድን ገና በልጅነቱ ገብቶ ክለቡ ወደ ሊግ ዋን ሲወርድ አብሮ ወረደ፤ እዚያም ሦስት ዓመት ተጫወተ። በሚያዝያ 2014 በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ሃልን ገጥመው 5 ለ 3 ተሸነፉ። አምስት ግብ ካስተናገደው ከዚያ መስመር ውስጥ አንዱን ልጅ መርጦ በክረምቱ የገዛው የሃል አሰልጣኝ ስቲቭ ብሩስ ነበር። ብሩስ ራሱ የቀድሞ የማንችስተር ዩናይትድ የመሃል ተከላካይና አምበል ነው፤ ያን ሁሉ ዋንጫ አንስቶም ለእንግሊዝ ዋና ብሔራዊ ቡድን አንድም ጊዜ አልተሰለፈም። ሌላው ሰው የውጤት ሰሌዳውን ሲያይ እሱ ልጁን ያየበት ምክንያት ይገባኛል።

የሮበርትሰን ታሪክ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ካለ ቦታ ይጀምራል። የግላስጎው ልጅ ነው። ሴልቲክ በወጣት ቡድኑ ካሳደገው በኋላ በ15 ዓመቱ ቁመትህ አይበቃም ብሎ ሸኘው። የተቀበለው ኩዊንስ ፓርክ ነው፤ በ1867 የተመሠረተ፣ ከስኮትላንድ ክለቦች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው፣ ያኔ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፍል የአማተር ክለብ። ይህን ደንቡን የሻረው በ2019 ነው። ሜዳው ሃምፕደን ፓርክ፣ ማለትም ከ50 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው ብሔራዊ ስታዲየም ነበር። በሊግ ጨዋታ ቀን የሚመጣው ተመልካች ግን ከአንዱ ጥግ አያልፍም። ሮበርትሰን ለኪሱ የሚሆን ገንዘብ የሚያገኘው በዚያው ስታዲየም ቢሮ ስልክ እያነሳ ትኬት ለሚጠይቁ ሰዎች መልስ በመስጠት ነበር። በነሐሴ 2012 በትዊተር ገጹ በዚህ ዕድሜ ያለ ገንዘብ መኖር እንደሚያስጠላና ሥራ እንደሚፈልግ ጻፈ። 18 ዓመቱ ነበር።

በዚያ የውድድር ዘመን ኩዊንስ ፓርክ የሚጫወተው በአራተኛው እርከን ነው። አጋጣሚ ሆኖ በገንዘብ ቀውስ የፈረሰው ሬንጀርስም እንደገና ሲጀምር የተመደበው እዚያው ነበር። ሮበርትሰን 34 የሊግ ጨዋታ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት ዳንዲ ዩናይትድ ወሰደው፤ በአንድ የውድድር ዘመን የስኮትላንድ ተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ወጣት ተባለ፤ በመጋቢት 2014 ደግሞ ፖላንድ ላይ ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ሥራ ፈልጎ ከጻፈ ሁለት ዓመት አልሞላውም።

ለመሆኑ የግራ መስመር ተከላካይ ምን ይሠራል? ከተመልካች ወንበር ሲታይ የመስመር አጥቂን ማቆም ነው። ጠጋ ብሎ ላየው አብዛኛው ሥራ ኳሱ ሳይደርስ ይጠናቀቃል። የቀኝ መስመር አጥቂው ኳስ ይዞ ሲመጣ ተከላካዩ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ሰውነቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ የውስጡን መንገድ ዘግቶ፣ አጥቂውን ወደ መስመሩ ይገፋዋል። ርቀቱም በልክ ነው። በጣም ከቀረበ ይታለፋል፤ በጣም ከራቀ ኳሱ ይሻገርበታል። ኳሱ በሌላኛው መስመር ሲሆን ደግሞ ወደ መሃል ገብቶ የሁለተኛውን ቋሚ ይጠብቃል። አንድ ዓይኑ ኳሱ ላይ፣ አንዱ ከጀርባው ሾልኮ በሚገባው ሰው ላይ ነው። ከጨዋታ ውጪ ወጥመድ ለመሥራት አራቱ በአንድ ላይ ሲወጡ እሱ አንድ እርምጃ ከዘገየ የሦስቱ ልፋት ከንቱ ነው። ይህን ሁሉ በትክክል ከሠራ ስሙ አይነሳም።

ሥራው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ ደንብ ሲቀየር አብሮ ተቀይሯል። እስከ 1925 ድረስ አንድ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ ላለመሆን ከፊቱ ሦስት ተጋጣሚዎች ሊኖሩ ይገባ ነበር። ቁጥሩ ወደ ሁለት ሲወርድ በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲቪዚዮን የግቦች ብዛት በአንድ ዓመት ከ1,192 ወደ 1,703 ዘለለ። መከላከያው በአንድ ክረምት ተናደ ማለት ነው። የአርሰናሉ አሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን አማካዩን ወደ ኋላ ስቦ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል አቆመው፤ ዛሬ የመሃል ተከላካይ የምንለው ሰው የመጣው ከዚህ ነው። በ1992 ደግሞ ግብ ጠባቂ ከጓደኛው እግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ ተከለከለ። ከዚያ በፊት የጨነቀው ተከላካይ ኳሷን ወደ ኋላ መልሶ ይገላገል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እግሩ እንደ አማካይ መሥራት ግድ ሆነበት።

ሮበርትሰን በ2017 ሃል ዳግም ሲወርድ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ መነሻ ዋጋ ወደ ሊቨርፑል ተዛወረ። ለወራት የተቀያሪ ወንበር ደንበኛ ነበር። በታኅሣሥ አልቤርቶ ሞሬኖ ሲጎዳ ቦታው ተከፈተለት። የሊቨርፑል ደጋፊ ስሙን ያጠናው ጥር 14 ቀን 2018 ነው። በሊጉ እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈው ማንችስተር ሲቲ አንፊልድ ላይ ነበር፤ ሊቨርፑል 4 ለ 1 ይመራል። ሮበርትሰን በርናርዶ ሲልቫን ሊጫን ወጣ። ኳሷ ወደ ዎከር ስትሄድ ተከተላት፤ ወደ ስቶንስ ስትሄድም ተከተላት፤ ግብ ጠባቂው ኤደርሰን ዘንድ ስትደርስ እሱም ደረሰ። ኤደርሰን ለኦታሜንዲ ሲሰጥ ዞሮ ኦታሜንዲን አሳደደና ጥፋት ሠርቶ ቆመ። ኳስ አልነጠቀም፤ ያገኘው የዳኛ ፊሽካ ነው። ስታዲየሙ ግን ግብ የገባ ያህል ጮኸ። ጨዋታው 4 ለ 3 አለቀ፤ ሲቲዎች በመጨረሻ ሁለት አግብተው ነበርና ያን ቀን ሊቨርፑሎች እንዴት እንደተነፈሱ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። የ2019 ሻምፒዮንስ ሊግ፣ የ2020 እና የ2025 የሊግ ዋንጫዎች። በ2018/19 ሮበርትሰን 11፣ በቀኝ ያለው አሌክሳንደር አርኖልድ 12 ለግብ የሆኑ ኳሶችን አመቻቹ። ሁለት የመስመር ተከላካዮች የቡድኑን የማጥቃት ሥራ እንዲህ መያዛቸው ለቀደሙት ተከላካዮች የማይታሰብ ነበር። ከመሃል የቆመው ቫን ዳይክም በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ከሳውዝሃምፕተን ከመምጣቱ በፊት ያለፈው በሴልቲክ በኩል ነው፤ ያው ሮበርትሰንን አጭር ነህ ብሎ በሸኘው ክለብ።

ማጓየር በአንጻሩ ዋጋው የከበደው ሰው ሆነ። 80 ሚሊዮን የተከፈለበት ተከላካይ ሲሳሳት ስህተቱም የ80 ሚሊዮን ይሆናል። በ2022 አንድ የጋና ፓርላማ አባል የአገሪቱን ምክትል ፕሬዚዳንት አመራር ለመንቀፍ ማጓየርን ምሳሌ አድርገው ሸንጎውን አሳቁበት። ዓመት ሳይቆይ ተጫዋቹ ሲያገግም ደግሞ እኚሁ ሰው እዚያው ሸንጎ ላይ ቃላቸውን መለሱለት። አጥቂን እንዲህ ያለ ክብር አይገጥመውም መሰለኝ።

ቀልዱ የማይነካው አንድ ነገር ግን አለ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን መዝገብ መርምረው በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ተጫዋቾቹ እንደ መርሳት በሽታ ባሉ የአእምሮ ሕመሞች የመሞታቸው ዕድል ከሌላው ሰው 3.5 ጊዜ ገደማ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ በየቦታቸው ሲለያዩዋቸው፣ ለእንዲህ ያለ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ በተከላካዮች ላይ አምስት እጥፍ ያህል ሆነ፤ በግብ ጠባቂዎች ላይ ግን ከሌላው ሕዝብ ብዙም አልተለየም። ኳስን በግንባር የሚመታው ማን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ ይነግረዋል። በሊድስና በማንችስተር ዩናይትድ የተጫወተው ስኮትላንዳዊ የመሃል ተከላካይ ጎርደን ማክዊን በ1977 ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን ሲያሸንፉ የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረው በግንባሩ ነው። በ2023 ያረፈው የመርሳት በሽታ ካደረበት በኋላ ነው።

ከ2021/22 ጀምሮ በእንግሊዝ አንድ ተጫዋች በልምምድ ከባድ የግንባር ኳስ በሳምንት ከ10 በላይ እንዳይመታ መመሪያ ወጥቷል። ስኮትላንድ ደግሞ ከጨዋታ በፊትና በኋላ ባለው ቀን በልምምድ ላይ ኳስ በግንባር መምታትን ከልክላለች። በአዋቂዎች ጨዋታ ራሱ ላይ ግን ገደብ የለም። የማዕዘን ምት ሲሻገር ተከላካዩ እንደ ድሮው ይዘላል።

አብዛኞቹ ተከላካዮች ሮበርትሰንም ማጓየርም አይሆኑም። ይልቁንም እንደ ግራሃም አሌክሳንደር የሆነው ይበዛል፤ በጨዋታ ብዛት ግን እሱን የሚያክሉት ጥቂቶች ናቸው። በ1991 በስካንቶርፕ ጀምሮ ሉተንን፣ ፕሬስተንንና በርንሌይን አዳርሶ ከ1,000 በላይ ጨዋታ የተሰለፈ የቀኝ መስመር ተከላካይና የፍፁም ቅጣት ምት መቺ ነው። ፕሪሚየር ሊግን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው በ2009፣ በ37 ዓመቱ ነው። ወደ ፕሬስተን ተመልሶ በ40 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ፤ በመጨረሻ ጨዋታውም በቅጣት ምት ግብ አስቆጠረ። ከዚያ ወደ አሰልጣኝነት ገባ። በመጀመሪያ ያሠለጠነው ፍሊትዉድን ነበር፤ በ2014 ወደ ሊግ ዋን አሳደገው። በግንቦት 2025 ደግሞ ብራድፎርድ ሲቲን ይዞ በውድድሩ የመጨረሻ ቀን ይኸንኑ ፍሊትዉድን ገጠመ። በ96ኛው ደቂቃ በተቆጠረች ግብ 1 ለ 0 አሸንፎ ብራድፎርድን ወደ ሊግ ዋን መለሰው።