ሥዕል ለተማሪ ሕፃናት ደኅንነትና ጥቃትን ለመከላከል ያለው ጠቀሜታ

በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይና መልአክ በወረቀት እየሣሉ ለዘመድና ለጎረቤት ሲያድሉ ማየት የተለመደ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቀለሙ እስከሚቀጥለው መስከረም ይረሳል። ሆኖም ሕፃናት ስለሚያስፈራቸው ነገር እንዲናገሩ ለመርዳት ከዚህ የቀለለና የረከሰ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ዘገባ ጥቃት ሊከላከሉት የሚቻል የኅብረተሰብ ጤና ችግር መሆኑን አስገንዝቧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ የዓለም ሕፃናት መካከል 1 ቢሊዮን ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥቃት እንደደረሰባቸው ገምቷል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ቢደነግግም፣ አርጩሜ ከመማሪያ ክፍል ጨርሶ አልወጣም። በታላላቆቹ ፊት አንገቱን እንዲደፋ ተደርጎ ያደገ ልጅ «ማን መታህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ቢል አያስገርምም።

የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ የእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ የጎበኙ የ5 እና የ6 ዓመት ሕፃናት ያዩትን እየሣሉ እንዲናገሩ ሲደረግ፣ በቃል ብቻ ከተጠየቁት የበለጠ መረጃ ሰጥተዋል። በ3 እና በ4 ዓመት ሕፃናት ላይ ግን ይህ ጥቅም አልታየም። ስለዚህ ዘዴው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ይስማማል ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መረጃው የተገኘው ከሥዕሉ ትርጓሜ ሳይሆን ልጁ እየሣለ ከተናገረው መሆኑ ነው።

በተግባር ጥሩ ጅማሬ የሚሆነው ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ማሣል ነው። ልጆቹ የሚያልፉበትን ድልድይ፣ ጠላ ቤት፣ የመኪና መንገድና ጥሻ ይሥላሉ፤ የሚፈሩትን ቦታ በቀይ፣ ደኅንነት የሚሰማቸውን በአረንጓዴ ያቀልማሉ። አዋቂዎች የመኪና አደጋ ብቻ ሲታያቸው፣ ልጃገረዶች መዝጊያ የሌለውን መጸዳጃ ቤት፣ ትንንሾቹ ደግሞ ትላልቅ ልጆች እርሳስ የሚቀሙበትን የአጥር ጥግ በቀይ ሊያቀልሙ ይችላሉ። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ያው ቦታ ምን ቢደረግለት እንደማያስፈራ ይሥላሉ። ይህ ክፍል በጥድፊያ መታለፍ የለበትም። ልጁ ፍርሃቱን ብቻ ሥሎ ወደ ቤቱ ከሄደ የተረፈው ነገር ፍርሃቱ ነውና። የበርካታ ልጆች ሥዕል አንድ ቦታ ላይ ሲያነጣጥር፣ የጤና ባለሙያው ለርእሰ መምህሩና ለወላጆች ኮሚቴ ለማቅረብ በቂ ምክንያት አለው፤ የመጸዳጃ ቤት መዝጊያ ለማሠራት ብዙ ስብሰባ አያስፈልግም።

ሥዕል የምርመራ መሣሪያ አይደለም። ጥቁር ቀለም ያበዛ ወይም እጅ የሌለው ሰው የሣለ ልጅ ሁሉ ጥቃት ደርሶበታል ብሎ መደምደም በማስረጃ ያልተደገፈ ከመሆኑም በላይ፣ ንጹሕ ሰው ሊያስወነጅል ይችላል። ምናልባት በእጁ ያለው ቀለም ጥቁር ብቻ ይሆናል። ባለሙያው «እስቲ ስለ ሥዕልሽ ንገሪኝ» ብሎ ማዳመጥ እንጂ መልሱን በጥያቄው ውስጥ ማስቀመጥ የለበትም። ስለ ራሱ ለመሣል ያልፈለገ ልጅም አይገደድ፤ ስለ አንድ የተረት ገጸ ባሕርይ ቢሥል ይበቃል።

ልጅቱ የደረሰባትን ጥቃት ከተናገረች ግን ሁኔታው ይለወጣል። በጓደኞቿ ፊት ንግግሩ አይቀጥልም፤ ለብቻዋ ተረጋግታ ትደመጣለች፤ ዝርዝሩን ደጋግማ እንድትናገር አትጠየቅም። «ለማንም አልናገርም» የሚል ቃል መግባትም ስሕተት ነው። ጥቃት አድራሹ የቤተሰብ አባል ወይም መምህር ሊሆን ስለሚችል፣ ማንን አስቀድሞ መጥራት እንደሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል። ግዳጅ ወሲብ ከተፈጸመ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ በ120 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ የሰኞው ሥዕል ለዓርብ ስብሰባ አይቆይም።

ስለሆነም ቀለሙ ከመታደሉ አስቀድሞ የሕፃናትን ጉዳይ የሚቀበለው ሆስፒታል፣ የፖሊስ ክፍልና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ተለይተው ስልካቸው መመዝገብ ይኖርበታል። ግድግዳ ላይ ለሚለጠፉት ሥዕሎች የልጆቹ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ስማቸውም ከወረቀቱ ጀርባ እንጂ ከፊት አይጻፍም። ጥቃትን የሚገልጽ ሥዕል ግን ከነጭራሹ አይለጠፍም፤ ቀኑ ተጽፎበት ከልጁ የሕክምና ካርድ ጋር በምስጢር ይቀመጣል።