«ል» ለምን መስመር ሰበረች? በእጅ በተሠራ ኮምፒውተር ላይ ፊደል ማስገባት

ባለፈው ክረምት ጄኔቫ ወዳጄ ቤት ተጋብዤ ስሄድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ላፕቶፔ ላይ አማርኛ ስጽፍ አይታ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ሀ ኮምፒውተሩ ውስጥ የት ነው ያለችው?» «ፎንቱ ውስጥ» አልኳት። «ፎንቱስ እንዴት ያወጣታል?» እዚህ ላይ ተያዝኩ። የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ አለኝ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ኮድ ጽፌአለሁ። አንድ ፊደል ከቁልፍ ሰሌዳ ተነሥታ ስክሪን እስክትደርስ ያለውን መንገድ ግን ከዳር እስከ ዳር አይቼው አላውቅም። ወደ ዙሪክ በባቡር ስመለስ ነገሩ ሲከነክነኝ መጣ።

ሊኑክስ ክፍት ነውና ኮዱን ማንበብ ይቻላል። ችግሩ ብዛቱ ነው፤ አንድ ሰው ሙሉውን አንብቦ አይጨርሰውም። አንብቤ የምጨርሰው ሥርዓት ፍለጋ ስገባ መልሱን እዚሁ ዙሪክ አገኘሁት።

የፓስካል ቋንቋ ፈጣሪ ኒክላውስ ዊርት በዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም ኢቲኤች ፕሮፌሰር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ሄደው አልቶ የተባለውን፣ ማውስና ባለ ሥዕል ስክሪን ያለውን የግል ኮምፒውተር አዩ። አልቶ ገበያ ላይ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ዙሪክ ተመልሰው ከባልደረቦቻቸው ጋር የራሳቸውን ማሽን ሠሩ፤ ሊሊት ይባላል፣ በ1980 ተጠናቀቀ። ቀጥሎም ከዩርግ ጉትክኔክት ጋር ኦቤሮን የተባለ ቋንቋና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠርተው ሙሉ ኮዱን በ1992 በመጽሐፍ አሳተሙት። በኋላ ሥርዓቱ ይሠራበት የነበረው ፕሮሰሰር ከገበያ ጠፋ። ዊርት በ2013፣ በ79 ዓመታቸው፣ የራሳቸውን ፕሮሰሰር ነድፈው ኦቤሮንን በእሱ ላይ አስነሡት። የፕሮሰሰሩ ንድፍ ጭምር በነፃ ይገኛል። እሳቸው ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 አርፈዋል።

እኔም ስፓርታን-3 ቺፕ ያለበት ያገለገለ ቦርድ ገዛሁ። ይህ ቺፕ ኤፍፒጂኤ ከሚባሉት ነው፤ ሲገዛ ምንም አይደለም፣ የሰጣችሁትን ንድፍ ይሆናል። የዊርትን ንድፍ ስትጭኑበት በ25 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር ይሆናል። ሜሞሪው 1 ሜጋባይት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 96 ኪሎባይቱን 1024 በ768 የሆነው ጥቁርና ነጭ ስክሪን ይወስደዋል። ዲስኩ ኤስዲ ካርድ ነው። የካርዱን ማስገቢያ ራሴ በየድኩት፤ ሁለት ሽቦ አቀያይሬ ስለነበር ሁለት ሳምንት ባዶ ስክሪን ላይ አፈጠጥኩ። ሽቦዎቹን ሳስተካክል ኦቤሮን ወዲያው ተነሣ።

አሁን ወደ ሀ እንምጣ። የኦቤሮን ፎንት የ128 ፊደላት ቦታ ብቻ አለው። የእኛ ፊደል ግን 33 ቤት በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ሆኖም በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የተመደበው ዋና ክፍል 384 ቦታ ነው፤ ማለትም ልክ 128 ሲባዛ በ3። ኦቤሮን ደግሞ ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭ የየራሱን ፎንት ያስታውሳል። ስለዚህ ሦስት ፎንት አዘጋጀሁ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ብቻውን ሦስቱንም ይነካል፤ ት ከመጀመሪያው፣ ኢ፣ ዮ እና ያ ከሁለተኛው፣ ጵ ከሦስተኛው። ፊደላቱን ነጥብ በነጥብ ሣልኩ፣ በሜሞሪ ውስጥ ለቅርጾቹ የተያዘውን ቦታ አሰፋሁ፣ ሲጻፍ ፎንቱን የሚመርጥ አጭር ኮድም ጨመርኩ።

«ሰላም» ብዬ ጻፍኩ፤ ወጣ። «ልጅ» ብዬ ጻፍኩ፤ ል ጠፋችና ጅ ብቻዋን ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። ሁለት ሌሊት ኮዴን ስወቅስ ቆይቼ በመጨረሻ ቁጥሩን አየሁት። ል በክፍሉ ውስጥ ያላት ቁጥር 13 ነው። 13 ደግሞ ከቴሌፕሪንተር ዘመን ጀምሮ «መስመር ጨርስ» ማለት ነው። ኦቤሮን የታዘዘውን ፈጽሟል።

መፍትሔው እዚያው የዊርት ኮድ ውስጥ ነበር። ሥርዓቱ የፊደል ቅርጽ ሲፈልግ ቁጥሩን ለ128 አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ በፊደሎቻችን ቁጥር ሁሉ ላይ 128 ጨመርኩ። ል 141 ሆነች፤ መስመር አትሰብርም፣ ቅርጿ ግን ያው 13ኛው ላይ ይገኛል። ይህን ለማወቅ ያነበብኩት አንድ አጭር ሞጁል ነው።

ቦርዱን በካርቶን አድርጌ ጄኔቫ ወሰድኩት። ልጅቷ ቅርጹ ያለበትን የሜሞሪ ቦታ በጣቷ እየተከተለች 1 እና 0 ስትቆጥር ቆየችና «እዚህ ናት!» አለች። ከዚያ አንዷን 1 ወደ 0 እንድቀይር አዘዘችኝ፤ የሀ እግር ተቆረጠ። ሳቋን ብትሰሙት!

መሞከር ለምትፈልጉ ቦርድ መግዛት የግድ አይደለም፤ በሊኑክስ ላይ ማሽኑን የሚያስመስል ነፃ ፕሮግራም አለ። «ፎንትስ» ከሚለው ሞጁል ጀምሩ። ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ገና አልጨረስኩም፤ ከእናንተ መካከል የሚቀድመኝ ካለ ደስ ይለኛል።